የብርጭቆ ዋጋ በወርቅ ሚዛን

ፍጥረታት ሁሉ ፈጣሪያቸው ባለበሳቸው ልብስ ረክተው ሲኖሩ፣ ነብር በዝንጕርጕርነቱ ላይ ሌላ ነጥብ ሳይጨምር፣ ጉሬዛም ከጥቁርና ነጭ ካባው በላይ ሐብል ሳይመኝ ዘመኑን ሲፈጽም፣ የሰው ልጅ ብቻ፣ በአርአያ ሥላሴ ተፈጥሮ ሳለ፣ መልኬ ጎደሎ ነው ብሎ ጆሮውን ይበሳል፣ አንገቱን ያስራል፣ ጣቱንም በቀለበት ያጥራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በትንቢቱ በ3ኛው ምዕራፍ የጽዮንን ቈነጃጅት ሊገሥጽ ተነሥቶ አልቦአቸውን፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለውን ጌጣቸውን፣ ጉትቻቸውን፣ አምባራቸውን፣ የሽቱ ዕቃቸውንና የአፍንጫ ቀለበታቸውን አንድ በአንድ ሲቈጥር ያነበበ ሰው፣ ተግሣጹን ከማድነቁ በፊት፣ ነቢዩ ይህን ሁሉ ዝርዝር ከማን ተምሮ እንዳወቀው ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ነገር ግን ባለትዳር እንደ ነበረ ራሱ በ8ኛው ምዕራፍ ጽፎልናልና ጥያቄው በዚያ ይመለሳል።

እኛ ወንዶች ጌጥን የሴቶች ድካም አድርገን ማውራት ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ በሚስቱ ጉትቻ ምክንያት አንድ ሙሉ ማታ ስለ ቍጠባ የሰበከ ጎረቤቴ፣ ስብከቱን ፈጽሞ ፈገግ ባለ ጊዜ፣ በላይኛው መንጋጋው የተተከለው የወርቅ ጥርስ በመብራቱ ፊት ብልጭ ሲል ካየሁ ወዲህ፣ ስለ ከንቱ ውዳሴ የሚናገር ወንድ ባጋጠመኝ ቍጥር መጀመሪያ አፉን፣ ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን፣ በመጨረሻም የማይጽፍባቸውን እስክርቢቶዎች የደረደረበትን የደረት ኪሱን መመልከት ጀምሬአለሁ።

በነቀምቴ ከተማ፣ በእኛው በቡርቃ ጃቶ፣ የጥር ሠርግ በቀረበ ጊዜ ጌጥ ከቤት ወደ ቤት ይሰደዳል። የአንዲቱ ሐብል ለሌላዪቱ፣ የሌላዪቱም አምባር ለሦስተኛዪቱ በውሰት እየተላለፈ ወሩ ይፈጸማል፤ የሠርጎቹን ቪዲዮ የተመለከተ የሩቅ አገር ሰው፣ ያንኑ አንድ ሐብል በየሠርጉ በልዩ ልዩ አንገት ላይ አይቶ፣ የነቀምቴ ሴቶች ምርጫቸው አንድ ዓይነት ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። አንዳንዱ ሐብል እንዲያውም ከባለቤቱ አንገት ይልቅ የጎረቤት አንገት ያውቃል።

ባለፈው የሠርግ ወራት ግን ለውሰት የማይመች አንድ ጌጥ ወደ ሠፈራችን ገባ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ታናሺቱን ልጃቸውን ሊድሩ ሲዘጋጁ፣ የወለጋ ልጆች በብዛት በሚኖሩበት በአሜሪካው በሚኒሶታ ያለችው ታላቂቱ ልጃቸው፣ በሠርጉ ቀን እንዲያደርጉት በሰው እጅ የላከችላቸው ይህ ጌጥ፣ በመርፌ ከደረት ላይ የሚሰካ፣ ዙሪያው ቀጭን ወርቅ፣ መካከሉ ሞላላ መስተዋት ሲሆን፣ በመስተዋቱ ውስጥ እጆችዋ ከዓለት ጋር የታሰሩ ወጣት ሴት፣ ከእግርዋ በታች አፉን ከፍቶ ከባሕር የሚወጣ አውሬ፣ ከራስዋ በላይ ደግሞ በክንፋም ፈረስ የሚበርር ጎልማሳ ተሥለውበታል። የልጅቱ ልብስ ከማሰሪያዋ ሰንሰለት ያነሰ መሆኑን ለአንባቢ ሳልገልጽ ባልፍ፣ በኋላ የተነሣው ክርክር ምክንያቱ አይገባም።

ቡና ተፈልቶ፣ ቡና ቀላውም በቅቤ ተለውሶ ቀርቦ፣ የሠፈሩ ሊቃውንት በጌጡ ላይ ተሰየሙ። ለሠርጉ ቀለበት ሊለካ የመጣው አንጥረኛ፣ ጠርዙን በመሞከሪያ ድንጋዩ ላይ ፈትጎ፣ አሲድ ጠብ አድርጎ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፣ «ዙሪያው ወርቅ ነው፤ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። መካከሉ ብርጭቆ ነው። ልጅዎን አታልለዋታል» አለ። የሠርጉ እናት ወዲያው ወደ ሚኒሶታ ደውለው ዋጋውን በጠየቁ ጊዜ የሰሙት ቍጥር፣ በነቀምቴ ገበያ ሁለት በሬ የሚገዛ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ቤቱ ለጊዜው ጸጥ አለ፤ ከዚያም ከወደ በሩ የተቀመጠ አንድ ሰው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ብሎ ተረተ።

የሠፈራችን መሪጌታ መነጽራቸውን አጥልቀው ጌጡን ወደ መስኮቱ ካቀረቡ በኋላ የተለየ ትርጓሜ ሰጡ። «ይህማ ሊቀ ሰማዕታት ጊዮርጊስ ነው፤ ይቺም ብሩታዊት ናት። ሠዓሊው ግን ሥርዓቱን አልተማረም፤ ፈረሱን ነጭ አድርጎ መልካም ከሠራ በኋላ ክንፍ ጨመረበት፤ ልጅቱንም በዛፍ ላይ ማስቀመጥ ሲገባው ከድንጋይ ጋር አሰራት» አሉ። አጠገባቸው የነበረው ወንጌላዊ በበኩሉ፣ «አባቶቻችንና እናቶቻችን ወንጌል ሲቀበሉ ጨሌውን የተዉት፣ እኛ በፈረንጅ እጅ የተሠራ ጨሌ እንድናመጣ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም አኮ እያልን የምንጠራቸው የቤቱ አያት ግን ስለ ሃይማኖቱም ስለ ወርቁም ሳይጨነቁ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አይተው፣ «ልብስ የሚሰጣት ዘመድ የላትም? ደግሞስ ማን ነው ያሰራት?» አሉ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ በአንድ ሠፈር ውስጥ ጡረታ የወጣ መምህር መኖሩ ጥቅሙ፣ ሰው ሁሉ አላውቅም ለማለት ሲያፍር፣ ተራውን ለእርሱ መልቀቅ መቻሉ ነው።

ዓመታቱን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እየጠቀስሁ፣ ነገሩን ከመሠረቱ ጀመርሁላቸው። በኢጣልያ አገር በ79 ዓ.ም. የቬሱቭዮስ እሳተ ገሞራ የቀበራቸው ሄርኩላኔዩምና ፖምፔይ የሚባሉ ከተሞች፣ የመጀመሪያዪቱ በ1738፣ ሁለተኛዪቱ በ1748 መቈፈር በጀመሩ ጊዜ፣ ከአመዱ ሥር ግድግዳው ከነሥዕሉ፣ ወጥ ቤቱ ከነድስቱ፣ ጌጡም ከነሣጥኑ ተገኘ። ይህ ዜና በተሰማ ጊዜ የአውሮፓ መኳንንትና ወይዛዝርት የገዛ ዘመናቸውን ንቀው የግሪክና የሮማ ዘመን ናፋቂዎች ሆኑ፤ ቤታቸውን በዓምድ፣ ጠጕራቸውን በጥንታውያን አሠራር፣ ደረታቸውንም በአማልክት ሥዕል አስጌጡ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትስም እመቤት፣ በደረትዋ ላይ ቬኑስን ከነልጅዋ ከኩፒድ፣ ወይም አፖሎን ከነክራሩ ሰክታ ትሄድ ነበር፤ ቄሱ ቢጠይቋት መልስዋ፣ አምልኮ ሳይሆን ሥነ ጥበብ ነው የሚል ነበር ብዬ ብገምት ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም።

የጥንቱ ሮማዊ ጠቢብ እንዲህ ያለውን ምስል የሚቀርጸው በከበረ ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ የ18ኛው መቶ ዓመት ሰው ግን ናፍቆቱ ከገንዘቡ ስለ በለጠ ፊቱን ወደ ብርጭቆ መለሰ። አንደኛው መንገድ ብርጭቆውን ፈጭቶ፣ ከቀለም ጋር አዋሕዶ፣ በመዳብ ወይም በወርቅ ገጽ ላይ ሥዕል አድርጎ በእቶን ማቅለጥ ነው፤ ኢናሜል የሚሉት ይህ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሠዓሊውን የሚያስጨንቀው፣ በመስተዋቱ ጀርባ ላይ ሥሎ ከፊቱ እንዲታይ ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ የሚሥል ሰው ከሰማዩ ጀምሮ በዓይን ብሌን ላይ በምትቀመጠው ነጭ ነጥብ ሲፈጽም፣ የመስተዋቱ ሠዓሊ ግን፣ ከጣራው ክዳን ጀምሮ ወደ መሠረቱ እንደሚወርድ ቤት ሠሪ፣ ከዚያች ነጭ ነጥብ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ብሌኑን፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ ልብሱን፣ በመጨረሻ ሰማዩን ይሥላል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ እንደሚወጣም ሁልጊዜ ማሰብ አለበት። ፊቱን ከሣለ በኋላ አፍንጫው መጣመሙን ቢያውቅ፣ አፍንጫው ከፊት፣ ብሩሹ ከኋላ ስለ ሆኑ መመለሻ የለውም። በመስተዋት ጀርባ ላይ ወርቅ እየለበጡ ሥዕል የማውጣቱን ሥራ ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት፣ በፓሪስ የሥዕል ክፈፍ ይሠራ በነበረውና በ1786 በሞተው በዣን ባፕቲስት ግሎሚ ስም ነው። አንጥረኛችን ይህን ሲሰማ ጌጡን መልሶ አንሥቶ፣ አሁን በአሲድ ዓይን ሳይሆን በባለሙያ ዓይን ይመለከተው ጀመር።

በዚያ ዘመን በብርጭቆ የከበሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጆርጅ ፍሬደሪክ ስትራስ የሚባለው በፓሪስ ይኖር የነበረ ጌጠኛ፣ አልማዝ የሚመስል ብርጭቆ በመሥራት በ1734 የንጉሥ ጌጠኛ እስከ መሆን ደርሷል፤ የሚያብረቀርቀው የልብስ ፈርጥ በብዙ ቋንቋ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የስኮትላንዱ ጄምስ ታሲ ደግሞ የሥራ ሕይወቱን በድንጋይ ጠራቢነት ጀምሮ፣ በደብሊን ከአንድ ሐኪም ጋር የብርጭቆ ቅልቅል አገኘና፣ በ1766 ለንደን ገብቶ በመላ አውሮፓ ግምጃ ቤቶች ያሉትን ጥንታውያን የተቀረጹ ፈርጦች በብርጭቆ እየገለበጠ ያወጣ ጀመር። የመስኮብ ንግሥት ታላቂቱ ካትሪን የሥራውን ሙሉ ስብስብ በሣጥን በሣጥን አድርጎ እንዲልክላት አዘዘችው። በ1791 የታተመው የፈርጦቹ ዝርዝር 15,800 ያህል ምስሎችን ይቈጥራል፤ ይህን ዝርዝር ያዘጋጀው ሩዶልፍ ኤሪክ ራስፔ ደግሞ ወደር የማይገኝለት የውሸት አባት የሆነውን የባሮን ሙንሃውዘንን ተረት በ1785 በእንግሊዝኛ ያሳተመ፣ ከዚያም በፊት በጀርመን አገር የካሰል መስፍን የፈርጥ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሳለ፣ ከጠበቀው ላይ ሰረቀ ተብሎ በ1775 የኮበለለ ሰው ነበር። የሐሰተኛውን ፈርጥ እውነተኛ ዝርዝር የጻፈው ሐሰተኛና ሌባ ተብሎ የተነገረለት ሰው መሆኑን ስናገር መሪጌታ እጅግ ሳቁ፤ በሳቃቸውም መካከል የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ሲያነሡ ሰማኋቸው።

ከዚያ ወደ አኮ ጥያቄ ተመለስሁ። ያሰሯት የገዛ ወላጆችዋ ናቸው። ግሪኮች እንደሚተርኩት ልጅቱ አንድሮሜዳ ትባላለች፤ አባትዋ ኬፌዎስ፣ እናትዋም ካሲዮፔያ ሲሆኑ፣ የነገሡበትም አገር ኢትዮጵያ ነው። ይህን ስናገር ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን እንደ ያዘች ቆመች። ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት ከግብፅ ወዲያ ያለውን የጠይም ሰዎች አገር ሁሉ ስለ ሆነ ወሰኑን በገመድ መለካት አይቻልም፤ ቢሆንም ሆሜር በኢልያድ አማልክቱን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሰድዶ በ12ኛው ቀን ይመልሳቸዋል፤ ግብዣው በወለጋ የመስቀል ሰሞን ሆኖ አንጮቴ ከነቅቤው ቀርቦላቸው ቢሆን ኖሮ በ12ኛው ቀን መመለሳቸውን እጠራጠራለሁ። ካሲዮፔያም በመልክ ከባሕር ደናግል ሁሉ እንበልጣለን ብላ ስለ ታበየች፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቈጥቶ አገሩን የሚያጠፋ አውሬ አስነሣ፤ የአሞን ጠንቋይም ልጅቱ ለአውሬው ካልተሰጠች መዓቱ አይመለስም አለ፤ በእናቲቱ አፍ የተነሣ ልጅቱ ከዓለት ጋር ታሰረች። ፐርሴዎስ የሚባለው ጎልማሳ ሜዱሳ የምትባለውን ጭራቅ ራስ ቈርጦ ሲመለስ ከላይ አይቷት አውሬውን ገድሎ አገባት። በጥንቱ ተረት የሚበርረው በክንፋም ጫማ ነበር፤ ክንፋሙን ፈረስ ያቀረቡለት የኋላ ዘመን ሠዓሊዎች ናቸው። ከዚያም ሁሉም ወደ ሰማይ ወጥተው ከዋክብት ሆኑ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ወደ ሰሜን የተመለከተ የነቀምቴ ሰው፣ ካሲዮፔያን በአምስት ከዋክብት ተጣምማ፣ ልጅዋንም ከአጠገብዋ ያገኛቸዋል።

የሠርጉ እናት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጥቂት ተለወጠ። ባለፉት ሳምንታት ስለ ሙሽራዪቱ መልክ ለገበያተኛው ሁሉ ያልተናገሩት አልነበረምና፣ «እኔ ያልሁት ቈንጆ ናት ነው፤ ከማንም ጋር አላወዳደርሁም» ብለው ማንም ሳይጠይቃቸው መልስ ሰጡ። አኮ ደግሞ፣ «የእኛ ልጅ ከሆነች ታዲያ ለምን ነጣች?» አሉ። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ አንድሮሜዳ እንደ አገርዋ ሰዎች ጠይም እንደ ነበረች ጽፏል፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ታሪኩን ወስደው መልኩን ተዉት። ይህን ሁሉ ለአኮ ማስረዳት ስለ ከበደኝ፣ «ከፍርሃት የተነሣ ይሆናል» አልኋቸው፤ አኮም አውሬውን አንድ ጊዜ ደግመው አይተው ተቀበሉት።

የመሪጌታ ትርጓሜም ቢሆን ፈጽሞ የሚጣል አልነበረም። ብዙ የጥንት ጸሐፍት አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዓለት የሚያሳዩት በኢዮጴ ወደብ ነው፤ የሊቀ ሰማዕታት ጊዮርጊስ መካነ መቃብርም በልዳ ነው፤ ልዳ ደግሞ ለኢዮጴ ቅርብ መሆንዋን የሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ ይመሰክራል። በአንዲት ጠባብ የባሕር ዳርቻ ሁለት ለአውሬ የተሰጡ ልጃገረዶች፣ ሁለት አውሬዎች፣ ሁለት ፈረሰኞች ሲገኙ፣ አንዱ ሠዓሊ የሌላውን ሥዕል አይቶ ይሆን ብሎ መጠየቅ የሚያስነቅፍ አይደለም። መሪጌታ ግን ልዩነቱን በአንድ ቃል አጠሩት፤ «የእነርሱ ጎልማሳ ልጅቱን አገባ፤ የእኛ ሰማዕት ግን ደመወዝ አልጠየቀም» አሉ።

ነገር ግን አንጥረኛው «አታልለዋታል» ያላት ቃል ከልቤ አልወጣችም ነበር። አያቶቻችን ወርቅ ሰጥተው ብርጭቆ ተቀበሉ እየተባለ የሚነገርብን ሽሙጥ አለና። ነገሩ በእርግጥ ሆኗል። ከ1291 ጀምሮ እቶናቸው ከቬኒስ ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወር የታዘዘባቸው ብርጭቆ ሠሪዎች የሚሠሩት ዶቃ፣ ባሕር ተሻግሮ በምጽዋ ገብቶ፣ በጎንደር በኩል ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ ወደ አሰንዳቦ፣ ከዚያም ወደ ሌቃው ቢሎ ገበያ ይደርስ ነበር፤ በምላሹም ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በዚያው መንገድ ይወጣሉ። የወለጋ ምድር ወርቅ እንደማይጐድለው፣ የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ለምኒልክ ይልኩት የነበረው የወርቅና የዝሆን ጥርስ ግብር ምስክር ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም በከተማችን ይታያል። ነጆ በወርቅዋ፣ ዩብዶም በፕላቲንዋ የታወቁት በዚሁ በወለጋ ነው።

ታዲያ በወርቅ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ብርጭቆ መመኘቱ ሞኝነት ነውን? ሴቶቻችን ወርቁን በወንዝ ዳር በገበቴ ሲያጥቡት ኖረዋል፤ አሸዋ ውስጥ የሚገኝ ነገር አያስደንቃቸውም ነበር። ሰማያዊ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠጠር ግን ከሚያጥቡበት ወንዝ አይወጣላቸውም ነበር፤ የሰው እጅ የሠራው ነው። ስለዚህ ዶቃውን በየቀለሙ መርጠው፣ ሰክተው፣ ጨሌ አድርገው በአቴቴ ሥርዓት አከበሩት፤ ከእናት ወደ ልጅም አወረሱት። ዘመኑን ብናስተያይ፣ የጉድሩ እመቤት ወርቅ ሰጥታ ብርጭቆ በምትገዛበት ጊዜ፣ የፓሪስ እመቤት ብርጭቆውን በወርቅ አስከብባ በደረትዋ ላይ ትሰካ ነበር፤ አንዲቱን ሞኝ፣ ሌላዪቱን ሊቅ የሚያደርግ ዳኛ የት ይገኛል? ወንጌላዊው በዚህ ራሱን ነቀነቀ፤ በ1899 የታተመውን ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐመው፣ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ያስተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሕዝቡ ጣዖትን እንዲተው እንጂ ቀለምን እንዲጠላ አላስተማረም ሲል ተናገረ፤ ይህም ለጌጡ ግማሽ ፈቃድ ሆነ።

ጌጥን አያቶቻችን በዓይን መርምረው ያውቁ እንደ ነበር፣ ጠገራ ብሩም ምስክር ነው። የኦስትሪያዪቱ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞታ ሳለ ብርዋ ግን በዚያው ዓመት እንደ ተቀረጸ እየተመታ እስከ እኛ ዘመን ዘለቀ፤ በትከሻዋ ላይ የተሰካው ጌጥ ዙሪያውን 9 ሉል አለው። የአገራችን ነጋዴ ብር ሲቀበል እነዚያን ሉሎች ይቈጥር ነበር፤ ነጥቡ ከጠፋ ወይም ከጐደለ እቴጌይቱን ከነዘውድዋ ይመልሳታል። ዳግማዊ ምኒልክ የገዛ መልካቸውን የያዘ ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ፣ ብዙው ሰው ያችን ባለጌጥ መበለት አልተዋትም። የብሩ ክብደት 28 ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ የወርቅ ሚዛን የሆነው ወቄትም በእርስዋ ይለካ ነበር። እንግዲህ ወርቃችንን የምንመዝነው በአንዲት ፈረንጅ ሴት ሲሆን፣ እርስዋን ደግሞ የምንመዝነው በትከሻዋ ጌጥ ነበር።

ለእኔ የከፋው ጕዳት የመጣው በኋላ፣ ከብርጭቆው ሳይሆን ከሚዛኑ ነው። ዛሬ ወርቅ ቤት የገባ ሰው የሚጠይቀው ስንት ግራም፣ ስንት ካራት ብሎ ነው፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድንጋይ ጠራቢው ታሲ ከንግሥት ትእዛዝ ሲቀበል፣ የእኛ ብረትና ወርቅ ሠራተኛ ጠይብ፣ ቡዳ፣ በእኛም አገር ቱምቱ እየተባለ ከማዕድ ተለይቶ ኖረ፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛውን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ ጥበብን ከአገር እንዳያጠፋ ፈርተው ነው። መጽሐፈ ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ ስለ ጥበብ ዋጋ ሲናገር፣ ወርቅንና ብርጭቆን ጐን ለጐን ያቆምና ሁለቱም እንደማይመጥኑአት፣ የኢትዮጵያ ዕንቍም ቢሆን እንደማይተካከላት ይነግረናል። የቅዱስ መጽሐፍ ሚዛን ብርጭቆውን ከወርቁ ጋር በአንድ ወገን አስቀምጦ፣ በሌላው ወገን ጥበብን ካስቀመጠ፣ የጌጡ የሁለት በሬ ዋጋ የተከፈለው ለብርጭቆው ነው ወይስ ከዓይን ብሌን ጀምሮ ወደ ሰማይ ወደ ኋላ ለተጓዘው እጅ ነው?

ንግግሬ ቤቱን ሁሉ አስማማ። የሠርጉ እናት ጌጡን ከሐበሻ ቀሚሳቸው ላይ፣ ከእናታቸው ከወረሱት ዶቃ አጠገብ ሰክተው ሠርጋቸውን አከበሩ፤ ብሩታዊት ነው የሚልም፣ አንድሮሜዳ ነው የሚልም ሁሉ እየቀረበ ተመለከተው። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ አንጥረኛውን አስጠርተው፣ ለሙሽራዪቱ የዚህን ጌጥ አምሳያ በነጆ ወርቅ እንዲሠራላቸው፣ ልጅቱን ግን ጠይም አድርጎ፣ አኮ እንዳዘዙትም ልብስ አልብሶ እንዲያወጣት ጠየቁት። እርሱም ብዙ ቀን አስቦ፣ መስተዋቱን በጀርባው ለመሣል ጎበዝ የሠፈር ሠዓሊ እንደሚፈልግ፣ ለሥራው የሚጠይቀውም ከወርቁ ዋጋ ጥቂት እንደሚበልጥ በትሕትና ነገራቸው።

«ከወርቁ የሚበልጥ?» አሉ የሠርጉ እናት እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አድርገው፤ «ወርቁን እኔው የማቀርብ ሆኜ፣ ለእጅህ ብቻ ይህን ሁሉ?» ስለ ጥበብ ዋጋ የተናገርሁትን ሁሉ የሰሙት፣ ያጨበጨቡለትም እርሳቸው ስለ ነበሩ፣ ምስክር ሆኜ እንድዳኝ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በዚያ ሳምንት የሚስቴን የተሰበረ ጉትቻ ለዚሁ አንጥረኛ ሰጥቼ፣ ግማሽ የሥራ ዋጋ ይበቃሃል ብዬ ተከራክሬው ስለ ነበር፣ ፍርዱን ለመሪጌታ አስተላለፍሁ።